የድሮ ዲቲ ካርቡሬተር ሲያስቸግር፦ ስክሩዋን ከመነካካታችሁ በፊት

ሞተሩ ትንሽ ማንገራገር ሲጀምር የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ ሚሄደው ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለኢንጅኑ የሚሰጠው ክፍል) ጎን ላይ ያለችው ስክሩ ላይ ነው፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ከዛ ጎረቤትም መጥቶ "እስኪ እኔ ልሞክረው" ይላል፣ ማታ ላይ ሞተሩ ጠዋት ከነበረበት ብሶበት እየተገፋ ቤት ይገባል። ስክሩዋ እኮ በስፕሪንግ ተይዛ ነው ያለችው፣ ዝም ብላ አትዞርም። ትናንት በደንብ ሲሰራ የነበረ ሞተር ዛሬ ካስቸገረ አንድ ነገር ተደፍኗል ወይ ተቀዷል ወይ አርጅቷል፣ እሱን ሳታገኙ ስክሩ ብታዞሩ ችግሩ ላይ ሌላ ችግር መደረብ ነው ሚሆነው።

እዚ የምጽፈው በዋናነት ስለ ያማሃ ዲቲ 125 እና ስለ ኤጂ 100 ነው፣ ያው ድሮ ግብርና ጽ/ቤትና ኤንጂኦ ግቢ ውስጥ የማይጠፉት፣ አሁን ደሞ በጨረታ ወጥተው በየሰዉ እጅ የገቡት ሁለት ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚቃጠል) ሞተሮች። ብዙዎቹ ላይ ያለው ስላይድ (ጋዝ ስታዞሩ ከፍ ዝቅ የሚል በር) ያለው የሚኩኒ ካርቡሬተር ነው፣ አሰራሩ ቀላል ነው፣ አንዴ ከገባችሁ በቃ ገባችሁ። ሆንዳ ኤክስኤል ምናምን ያላችሁም አብዛኛው ነገር ይሰራላችኋል፣ ሚለይበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ግን ካርቡሬተሩ ራሱ መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ። ካርቡሬተር ተብሎ ተፈቶ ተወቅሮ ኋላ ላይ ካንዴላ (ኢንጅኑ ውስጥ እሳት የምትሰጠው) ሆኖ የተገኘ ስንት አለ። ካንዴላውን ፍቱና ካፑ ላይ ሰክታችሁ ብረቱን ኢንጅኑ ላይ አስነክታችሁ እርገጡት፣ ጠንካራ ሰማያዊ እሳት ካልዘለለ ወደ ካርቡሬተር አትሂዱ። ይሄን ስታደርጉ የካንዴላው ቀዳዳ አጠገብ እንዳይሆን፣ ከውስጥ ቤንዚን ሊተፋ ይችላል፣ እሳት ይይዛል። ከዛ የአየር ፊልትሮውን እዩት፣ ስፖንጁ አቧራ ጠጥቶ ድንጋይ ከሆነ ሞተሩ ቤንዚን የበዛበት ይመስላል። በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ከዛ ዘይት ነክቶ ይጨመቃል። ፊልትሮ አውጥቶ ጥሎ "አሁን ትንፋሽ አገኘ" የሚል ሰው አለ፣ እሱን አትስሙት። ያለ ፊልትሮ ኮሮኮንች ላይ የሚሄድ ሁለት ስትሮክ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን በአሸዋ እያሸ ነው የሚሄደው፣ በዛ ላይ የሚገባው አየር ስለሚበዛ ቅልቅሉም ይበላሻል።

ቀጥሎ ቤንዚኑ ራሱ። ሰልፍ ሲበዛ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ውስጥ ውሃ ሊኖር ይችላል፣ ላምባ ሊኖርም ይችላል። ትንሽ በንጹህ ሃይላንድ ቀድታችሁ አስቀምጡት፣ ውሃ ካለ ከስር ለብቻው ይተኛል፣ በዓይን ይታያል። ላምባውን ለማወቅ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ፣ ንጹህ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል፣ ላምባ ያለበት ቅባት የሚመስል ምልክት ይተዋል። ከዛ ደሞ ፍሰቱን እዩ፣ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ንቀሉና ጠርሙስ ውስጥ ልቀቁት፣ ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ጀምሮ እየቀጠነ ከሄደ የታንክ ክዳኑን ክፈቱት፣ ወዲያው ከተስተካከለ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው። ሞተሩ ለትንሽ ጊዜ ቆንጆ ሄዶ ከዛ የሚሞት፣ ቆም ብላችሁ አረፍ ስትሉ ደሞ የሚነሳ ከሆነ በመጀመሪያ ይሄን ነው የምትጠረጥሩት። ክዳኑን ከፍታችሁም ካልተስተካከለ ከታንኩ ስር ያለው የቤንዚን መክፈቻ ወንፊት ዝገት ይዟል፣ ታንኩ ውስጡ ዝጎ ከሆነ ደሞ ካርቡሬተሩን አስር ጊዜ ብታጥቡት በሳምንቱ ተመልሶ ይደፈናል፣ መጀመሪያ ታንኩን አጽዱ፣ መሃል ላይም ትንሽ ፊልተር ግጠሙ።

እነዚ ሁሉ ደህና ከሆኑ እንግዲ ወደ ካርቡሬተሩ እንመጣለን።

ችግሩ የት ላይ እንደሆነ ጋዝ እጀታው ይነግራችኋል

ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት መንገድ አንድ አይደለም፣ ጋዙን በከፈታችሁት መጠን ተራ በተራ ነው ሚሰሩት። ጋዝ ዘግታችሁ ወይም ትንሽ ብቻ ነካ ስታደርጉ፣ እስከ አንድ ስምንተኛ በሉት፣ የምትሰራው ትንሿ ጄት (ጄት ማለት ቤንዚን ለክታ የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን) ናት፣ ፓይለት ጄት ሚሏት፣ ከጎኗ ካለችው የአየር ስክሩ ጋር። ከዛ በላይ እስከ ሩብ ድረስ ስላይዱ ከስሩ የተቆረጠበት ልክ ይወስናል። ከሩብ እስከ ሶስት ሩብ ያለው ትልቁ ክፍል የመርፌው ነው፣ ስላይዱ ላይ የተንጠለጠለችው ረጅሟ መርፌ። ከሶስት ሩብ በላይ እስከ መጨረሻ ስትከፍቱ ብቻ ነው ትልቁ ጄት፣ ሜን ጄቱ፣ ዋና ወሳኝ የሚሆነው።

ይሄ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ሚኒሞ (ጋዝ ሳትነኩ ሞተሩ ቀስ ብሎ የሚሰራበት) አልይዝ ያለ ሞተር ላይ ሜን ጄት መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። በተቃራኒው ሚኒሞው ቆንጆ ሆኖ ዳገት ላይ ጋዙን እስከ መጨረሻ ስታዞሩ የሚያንቀው ሞተር የአየር ስክሩዋን ብታዞሩለት ምንም አይሰማውም። ስለዚ ጋዝ እጀታው ላይ ትንሽ ነጭ ፕላስተር ለጥፉ፣ ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሶስት ሩብ፣ ሙሉ ብላችሁ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፣ ከዛ ሞተሩን አሙቃችሁ ነዱትና የትኛው ምልክት ላይ እንደሚያስቸግር አስተውሉ። ፍጥነቱን ወይም ማርሹን አትዩ፣ የእጀታውን ቦታ ብቻ ነው ሚታየው።

ቤንዚን በዝቶበት ነው ወይስ አንሶበት? ቤንዚን የበዛበት ድምጹ ይታፈናል፣ ባባባባ እያለ ይቆራረጣል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ሲሞቅ ይብስበታል፣ ካንዴላው ደረቅ ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። ቤንዚን ያነሰበት ደሞ ቤንዚን እንደጨረሰ ሞተር አንዴ ይሄዳል አንዴ ይይዛል፣ ጋዝ ስትሰጡት አፍታ ይሞታል ከዛ ይነሳል፣ ጋዝ ስትለቁ ቶሎ አይወርድም፣ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ የካንዴላው ሸክላ ይነጣል። ካላወቃችሁት ቀላል ዘዴ አለ፣ እያስቸገረ እያለ ቾኩን (ለብርድ ማስነሻ ተጨማሪ ቤንዚን የሚሰጠውን) ለአፍታ ትንሽ ክፈቱት፣ ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል፣ ከባሰበት በዝቶበታል። በቃ ይሄው ነው።

ቤንዚን ያነሰበት ሁለት ስትሮክ ላይ ግን አትቀልዱ። የኢንጅኑ ውስጥ ቅባት ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚገባው፣ ቅልቅሉ ሲሳሳ ፒስተኑ ከመጠን በላይ ይሞቅና ሲሊንደሩ ላይ ይነክሳል፣ የኋላ ጎማው ቀጥ ይላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ጋዝ ዘግታችሁ ስትወርዱም አልፎ አልፎ ጋዝ ነካ እያደረጋችሁ ዘይት እንዲያገኝ አድርጉ። እና ደሞ የዘይት ፓምፑ ተበላሽቶ ወጥቶ ዘይት ታንክ ውስጥ የምትቀላቅሉ ካላችሁ፣ "ለሴፍቲ" ብላችሁ ዘይት አታብዙ። ዘይቱ በበዛ ቁጥር በዛችው ጄት ውስጥ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል፣ እና ጭሱ በዝቶ እያያችሁት ቅልቅሉ የሳሳ ይሆናል፣ ብዙ ሰው ይሄን አያምንም ግን እውነት ነው።

አውርዶ ማጠብ

ክፍት ቦታ ላይ ስሩት፣ ሲጋራም የከሰል ምድጃም አጠገብ አይኑር፣ ግቢ ውስጥ ቡና እየተፈላ ከሆነ ራቅ በሉ፣ የቤንዚን ትነት መሬት መሬቱን ሄዶ እሳት ጋ ይደርሳል። ቤንዚኑን ዝጉ፣ ቱቦውን ንቀሉ፣ ከላይ ያለውን ክዳን ፍቱና ስላይዱን ከነመርፌው ከነካቦው ቀስ ብላችሁ አውጡት፣ መርፌዋ እንዳትታጠፍ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አንድ ጎን አስሯት። ከዛ የሁለቱን ወገን ማሰሪያ አላልታችሁ ካርቡሬተሩን እያወዛወዛችሁ አውጡት።

የታችኛውን ጎድጓዳ የያዙት አራት ስክሩዎች ጃፓን ሰራሽ ናቸው፣ ጭንቅላታቸው መስቀል ይምሰል እንጂ ከተራው መስቀል ካቻቢቴ ጋር ልክ አይገጥሙም፣ ለዛ ነው ሁሌ ተበልተው የሚገኙት። ጫፉ በደንብ የሚሞላ ካቻቢቴ ፈልጉ፣ ከላይ በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ አንዴ ሁለቴ ምቱት፣ ከዛ ወደ ታች ተጭናችሁ አዙሩ። ጎድጓዳው ሲከፈት መጀመሪያ ከስሩ ያለውን ቆሻሻ እዩት፣ ቀይ ዱቄት ከሆነ የታንኩ ዝገት ነው፣ የውሃ ጠብታ ካለ ቤንዚኑ ነው፣ ቡናማ ወይ አረንጓዴ ሙጫ የሚመስል ነገር ከሆነ ሞተሩ ቤንዚን እንደያዘ ብዙ ጊዜ ቆሟል። ቤንዚን ሲተን ያንን ሙጫ ትቶ ነው የሚሄደው፣ መጀመሪያ የሚደፍነው ደሞ ፓይለት ጄቷን ነው ምክንያቱም ቀዳዳዋ ከሁሉም ትቀጥናለች። አዲስ አበባ ላይ በ2001 ዓ.ም አካባቢ ኤታኖል ቤንዚን ላይ መቀላቀል ተጀምሮ ነበር፣ ኤታኖል ውሃ ይስባል፣ እንደዛ አይነት ቤንዚን ጠጥቶ ለብዙ ጊዜ የቆመ ካርቡሬተር ውስጡ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ታገኙታላችሁ።

አሁን የአየር ስክሩዋን ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ነገር፣ እስክትዘጋ ድረስ ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ አዙሯትና ስንት ዙር እንደሆነ ጻፉ። ልክ ስትነካ አቁሙ፣ አታጥብቋት፣ ጫፏ እንደ መርፌ ቀጭን ስለሆነ ከተጫናችኋት ትበላሻለች፣ መቀመጫውንም ይዛ ነው የምትበላሸው። ከዛ አውጧት፣ ስፕሪንጓንና ኦሪንጓን አትጣሉ። ፍሎቱን (ቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፈውን) ፒኑን ገፍታችሁ አውጡ፣ የፍሎት ቫልቯን አውጡ፣ ሁለቱን ጄቶች ፍቱ፣ ትልቁ ጄት ላይ የተጻፈውን ቁጥር ጻፉ፣ ትንሿ ላይም አለ። ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ምን እንደገጠመላት አታውቁም፣ ከሶማሌ ተራ ከሌላ ሞተር የወጣ ጄት ተገጥሞላት ሊሆን ይችላል፣ እንደዛ አይነት ሞተር ምንም ብታደርጉ አይስተካከልም።

ጄቱን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ፣ ክብ ጥርት ያለ ቀዳዳ መታየት አለበት። ተደፍኖ ከሆነ ቤንዚን ወይም የካርቡሬተር ማጠቢያ ስፕሬይ ውስጥ አሳድሩት። በመርፌ ቁልፍ፣ በፍሬን ካቦ ክር፣ በብረት ሽቦ አትውጉት። ጄቱ ነሐስ ነው፣ ብረት ይፍቀዋል፣ ቀዳዳው በዓይን የማይታይ ትንሽ ቢሰፋ እንኳ ቁጥሩ ውሸት ሆነ ማለት ነው። የግድ ከሆነ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር አውጥታችሁ በሷ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። ከዛ ሰውነቱ ውስጥ ያሉትን ቀዳዳዎች ሁሉ፣ በተለይ ስላይዱ ከሚቆምበት በታች ኢንጅኑ ወገን ያለችውን ጥቃቅን ቀዳዳ፣ በስፕሬይ ንፉና በሌላ በኩል መውጣቱን ተከታተሉ። ስፕሬይ ከሌለ ሰፈር ያለው ጎሚስታ ጋ ሂዱና በኮምፕረሰሩ አስነፉት፣ ግን ፍሎቱ ወጥቶ መሆን አለበት፣ ያ ሁሉ አየር ፍሎቱን ይጨፈልቀዋል፣ ዓይናችሁንም ሸፍኑ። ላስቲኮቹም ወጥተው ይሁን፣ ስፕሬዩ ያሳብጣቸዋል።

ፍሎቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስራው ልክ እንደ ሮቶ ታንከር ጋሌጃንቴ ነው፣ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብሎ ቫልቯን ይዘጋል፣ ሲቀንስ ወርዶ ይከፍታል። ሞተሩ ቆሞ እያለ ቤንዚን ከታች የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ወይም ጠዋት ስትረግጡት ካንዴላው በቤንዚን ራስ ከሆነ፣ ችግሩ እዚ ጋ ነው። ፍሎቱን ጆሮ አጠገብ ነቅንቁት፣ ውስጡ የሚንቀጫቀጭ ነገር ካለ ተቀዶ ቤንዚን ገብቶበታል። የቫልቯን ሾጣጣ ጫፍ እዩ፣ ቀለበት የሚመስል መስመር ከተበላባት ቀይሯት። መቀየሪያ ስትገዙ መቀመጫውም አብሮ የሚሸጥ ከሆነ አብራችሁ ውሰዱ። ለመፈተን ቫልቩንና ፍሎቱን መልሳችሁ ግጠሙ፣ ካርቡሬተሩን ገልብጡት፣ ቱቦ ሰክታችሁ በአፋችሁ ንፉ፣ አየር ማለፍ የለበትም፣ ቀና ስታደርጉት ደሞ ማለፍ አለበት። የፍሎቱን ከፍታ የሚወስነው ቫልቯን የሚገፋው ትንሽ የብረት ምላስ ነው፣ ልኩ በሞዴሉ ይለያያል፣ ከማኑዋሉ ላይ አይታችሁ በሚሊሜትር ለኩት። ጎድጓዳው ውስጥ የሚቆመው ቤንዚን ከፍ ካለ ሁሉም ቦታ ላይ ቤንዚን ይበዛል፣ ዝቅ ካለ ሁሉም ቦታ ላይ ያንሳል፣ ስለዚ ይሄ ሳይስተካከል ጄት መምረጥ ከንቱ ድካም ነው።

ቾኩንም አትርሱት። የሚኩኒው ቾክ አየር የሚዘጋ ሳይሆን ተጨማሪ ቤንዚን የሚከፍት ትንሽ ፒስተን ነው፣ ከስሩ ላስቲክ አለው። ላስቲኩ ካረጀ ቾኩ ተዘግቶም ቤንዚን ያሳልፋል፣ ሞተሩ ብርድ ላይ በአንድ ርግጫ ይነሳል ሲሞቅ ግን ይታፈናል። እግረ መንገዴን፣ ሞተር ስታስነሱ ይሄ ቾክ በደንብ የሚሰራው ጋዙ ዝግ ሲሆን ነው። ጠዋት ቾክ ከፍቶ ጋዝ አዙሮ የሚረግጥ ሰው ቾኩን ራሱ እያጠፋው ነው፣ እጃችሁን ከጋዙ ላይ አንሱና እርገጡ።

ሲገጣጠም ስላይዱ ላይ ያለው ቦይ ካርቡሬተሩ ውስጥ ካለችው ፒን ጋር መግጠም አለበት፣ የተቆረጠው ወገን ወደ አየር ፊልትሮው ነው ሚዞረው። ተገልብጦ ከገባ ጋዙ ተከፍቶ ይቀራል፣ ሞተሩ እንደተነሳ እስከ ጥግ ይጮሃል፣ አደገኛ ነው። ሳታስነሱ በፊት ጋዙን ከፍታችሁ ልቀቁት፣ ጠቅ ብሎ ከስር ሲቀመጥ መሰማት አለበት። መሪውን ግራ ቀኝ ስታዞሩም ካቦው መወጠር የለበትም፣ ከሁለት ሶስት ሚሊሜትር ያህል ነጻ ጨዋታ ተዉለት። መሪ ስታዞሩ ሚኒሞ የሚጨምር ሞተር ችግሩ ካቦው ነው፣ ካርቡሬተሩ አይደለም።

አየር የሚሰርቅበት

ካርቡሬተሩና ሲሊንደሩ መሃል ያለው ጥቁር ላስቲክ በፀሐይና በእድሜ ይሰነጠቃል፣ ከውጪ ደህና መስሎ ስታጥፉት ውስጡ ይከፈታል። በዛ የሚገባ አየር በካርቡሬተሩ በኩል ስላላለፈ ቤንዚን ይዞ አይመጣም፣ ስለዚ ሚኒሞው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፣ ጋዝ ለቃችሁም ሞተሩ ይጮሃል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሰራ በውሃ መርጫ ላስቲኩ ዙሪያና የጓርኒሲዮኑ መገናኛ ላይ ርጩበት፣ ድምጹ ከተቀየረ አገኛችሁት። ቤንዚን የሚረጩ አሉ፣ ትኩስ ኢንጅን ላይ ቤንዚን መርጨት ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ ልተወው። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ አዲስ ግዙ፣ ማስቲሽና የጎማ ቁራጭ ለሁለት ቀን ነው ሚሰራው።

ላስቲኩም ፊልትሮውም ካርቡሬተሩም ደህና ሆኖ አሁንም አየር የሰረቀ ሞተር የሚመስል ከሆነ የክራንኩ ዘይት መያዣ ላስቲኮች ሊሆኑ ይችላሉ፣ በተለይ ማግኔቱ ወገን ያለው። እሱ የጋራዥ ስራ ነው። ብዙ እድሜ ያለው ሞተር ላይ ግን ከሚገባው በላይ ያጋጥማል፣ እና ካርቡሬተር ብቻ እየተነካካ ወራት የሚያልፉት በዚ ነው።

አሁን ማስተካከል

ሁሉም ንጹህ ከሆነ በኋላ ነው ስክሩ ሚነካው። ሞተሩን ነድታችሁ በደንብ አሙቁት፣ ብርድ ሞተር ላይ የተስተካከለ ነገር ሲሞቅ ይበላሻል። የአየር ስክሩዋን ዝግ ካደረጋችሁ በኋላ አንድ ዙር ተኩል ክፈቱ፣ መነሻው ይሄ ነው። የሚኒሞ ስክሩውን (ስላይዱን ከስር ከፍ የሚያደርገውን ሌላኛውን ስክሩ) አጥብቃችሁ ሞተሩ ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲሰራ አድርጉ። ከዛ የአየር ስክሩዋን ሩብ ሩብ ዙር እያደረጋችሁ አዙሩ፣ በየመሃሉ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ፣ ሞተሩ ቶሎ አይመልስም። ድምጹ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ እኩል የሚሆንበትን ቦታ ስታገኙ እዛው ተዉት፣ ሚኒሞውን መልሳችሁ ዝቅ አድርጉ። አሁን ጋዝ ፈጠን አድርጋችሁ ስጡት፣ ሳያመነታ ከተነሳ ጨርሳችኋል። አፍታ ሞቶ ከተነሳ ስክሩዋን ትንሽ ወደ ውስጥ፣ አዝግሞ ታፍኖ ከተነሳ ትንሽ ወደ ውጪ።

ሞተሩ የሚስማማው ስክሩዋ ልትዘጋ ግማሽ ዙር ያህል ሲቀራት ከሆነ ፓይለት ጄቷ አንሳለች፣ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ። ሁለት ዙር ተኩል ከፍታችሁም ገና ካልበቃው ጄቷ ትልቃለች።

እዚ ላይ ነው ሆንዳ ያላችሁ ምትጠነቀቁት። ስክሩዋ ከስላይዱ ወደ አየር ፊልትሮው ወገን ካለች የአየር ስክሩ ናት፣ ስትከፍቷት አየር ይጨምራል ቤንዚን ይሳሳል። ወደ ኢንጅኑ ወገን ካለች ግን የቤንዚን ስክሩ ናት፣ ስትከፍቷት ቤንዚን ይጨምራል። ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። አንዱ የነገራችሁን ሌላው ሞተር ላይ ስትሞክሩት የሚበላሸው ለዚ ነው።

መርፌዋ አምስት ቦይ አላት ብዙ ጊዜ፣ ትንሽ ክሊፕ አንዱ ላይ ትይዛለች፣ ከፋብሪካ ብዙውን ጊዜ መሃል ላይ ናት። ክሊፗን አንድ ቦይ ወደ ታች ስታወርዷት መርፌዋ ከፍ ትላለች፣ ቤንዚን ይጨምራል። ወደ ላይ ስታወጧት መርፌዋ ትወርዳለች፣ ቤንዚን ይቀንሳል። ብዙ የምትነዱት ግማሽ ጋዝ ላይ ስለሆነ የቤንዚን ወጪያችሁን የሚወስነው በብዛት ይሄ ነው። መርፌዋና የምትገባበት የነሐስ ቱቦ ግን በብዙ አመት ሥራ ይፋቃሉ፣ ክሊፗ እላይኛው ቦይ ላይ ሆና እንኳን መሃሉ ላይ ቤንዚን ከበዛበት ሁለቱም አርጅተዋል፣ አንድ ላይ ይቀየራሉ።

ሜን ጄቱን ለማየት ሰው የሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ያስፈልጋል፣ ትንሽ ዳገት ቢሆን ይመረጣል። ሙሉ ጋዝ ላይ እያላችሁ እጀታውን ትንሽ መልሱት፣ ስትመልሱት ሞተሩ ጉልበት ካገኘ ጄቱ አንሷል። የበለጠ እርግጠኛ ለመሆን ንጹህ ካንዴላ ግጠሙ፣ ሙሉ ጋዝ ላይ ለትንሽ ርቀት ነዱና ጋዙን ሳትመልሱ ፍሪሲዮን ይዛችሁ በአንድ ላይ አጥፉት፣ ከዛ ካንዴላውን ፍቱ። ሚኒሞ ላይ እየሰራ ቤት ድረስ መጥታችሁ ብትፈቱት የምታዩት የሚኒሞውን ቀለም ነው። ሸክላው ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ጥቁር ከሆነ በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ ደሞ ሳትቆዩ ከፍ ያለ ቁጥር ግጠሙ። የሁለት ስትሮክ ሜን ጄት ሲመረጥ ሁሌ ከበዛው ወገን ተነስታችሁ አንድ አንድ ቁጥር እያወረዳችሁ ነው ሚኬደው፣ ካነሰው ወገን ተነስቶ መውጣት ፒስተን ያስከፍላል።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። መርፌም ጄትም ስክሩም በአንዴ ከነካችሁ የትኛው እንዳሻለው አታውቁትም።

ከፍታው

ብዙ ሰው የማያስበው ይሄን ነው። እነዚ ሞተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙውን ጊዜ ለባህር ጠለል ቅርብ ለሆነ አየር ነው የሚስተካከሉት። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ እዚ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡሬተር ደሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፣ ቤንዚኑን አየሩ በቀነሰበት ልክ አይቀንስም፣ ስለዚ ቅልቅሉ ወፍራም ይሆናል። ምንም ያልተነካ ዲቲ አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ካንዴላው ቢጠቁር፣ ዳገት ላይ ቢታፈን፣ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ ጄቱ ለዚ አየር ትልቅ ነው። ሜን ጄቱን አንድ ሁለት ቁጥር ማውረድ፣ ክሊፗን አንድ ቦይ ወደ ላይ ማውጣት፣ የአየር ስክሩዋን ትንሽ መክፈት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የጠፋው ጉልበት ሁሉ ግን አይመለስም፣ 12 የፈረስ ጉልበት የተባለ ኢንጅን አዲስ አበባ ላይ ወደ 9 አካባቢ ይወርዳል፣ ያ በጄት አይስተካከልም፣ ጥርሷ በበዛ የኋላ ኮሮና (ሰንሰለቱ የሚዞርባት ጥርሳም ብረት) ዳገቱን ማቅለል ይሻላል።

አደጋው በተቃራኒው ስትሄዱ ነው። ለአዲስ አበባ ልክ ተደርጎ የሳሳ ሞተር ይዛችሁ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ወይም ጋምቤላ ከዛም በጣም ዝቅ ብሎ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሙቀቱም ተጨምሮበት ፒስተኑ ይነክሳል። ስለዚ ወደ ቆላ የሚሄድ ሰው የድሮውን ትልቅ ጄት በላስቲክ አስሮ ከካቻቢቴው ጋር ይያዝ፣ ሜን ጄት ለመቀየር ብዙ ጊዜ ካርቡሬተሩን ሙሉ ማውረድ አያስፈልግም፣ ማሰሪያዎቹን አላልቶ ማጋደልና ጎድጓዳውን መክፈት ይበቃል። አዳማና ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ናቸው፣ ለነሱ ክሊፕ መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አባይ በረሃ ግን ለብቻው ነው። ከጎሃ ጽዮን 2,500 ሜትር አካባቢ ተነስታችሁ ድልድዩ ጋ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ፣ ከዛ መልሳችሁ ደጀን ትወጣላችሁ፣ ሁሉም በአንድ ጉዞ። እዛ መሃል ላይ ቆሞ ጄት የሚቀይር የለም። ለዚ መንገድ ጄቱን ከአዲስ አበባው ልክ አንድ ቁጥር አብልጣችሁ ሂዱ፣ ላይ ላይ ትንሽ ቢታፈን ታገሱት። ስትወርዱ በማርሽ ብቻ ይዛችሁ ጋዝ ዘግታችሁ አትቆዩ፣ ነካ ነካ አድርጉ። ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ፣ ሙቀቱም ዳገቱም ወፍራሙም አየር አንድ ላይ የሚመጡበት ቦታ ላይ፣ ማርሹን ቶሎ ቀንሱ እንጂ ሙሉ ጋዝ ይዛችሁ አትቆዩ፣ ጉልበቱ ድንገት ከወረደ ወይም ከኢንጅኑ ችር ችር የሚል የብረት ድምጽ ከሰማችሁ ፍሪሲዮን ያዙና ዳር አውጡት። ቾኩን ትንሽ ከፍታችሁ የሚሻለው ከሆነ ችግሩ ቤንዚን ማነስ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ክሊፗን አንድ ቦይ አውርዷትና ቀጥሉ።